ለእንጦጦ መንገድ ፔዳል መምረጥ፦ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 10 ቀን 2017

ብስክሌቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከመርካቶ ያገለገለ የተገዛ ባለ 26 ኢንች ብረት፣ ሌላው ባለ 29 ኢንች አልሙኒየም። መንገዱ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በብስክሌት መስመሩ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ማርያም። እስከዚያ አስፋልት ነው፤ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ተነስቶ ከ3,000 በላይ ይወጣል። ከማርያም በኋላ ያለው በባሕር ዛፍ መሐል የሚሄድ ቀይ አፈር ነው፦ የተገለጠ ሥር፣ ልቅ ድንጋይ፣ የረገፈ ቅጠል።

ለዚህ መንገድ የሚሆን ፔዳልና የእግር መያዣ መምረጥ ነው ሥራው። የሚሞከሩት ጠፍጣፋ ፔዳል ከነፒኑ (ሶል የሚነክሱ ትንንሽ የብረት እሾሆች)፣ ቀበቶ ያለው ፔዳል፣ እና ጫማው ሥር በሚታሰር ብረት (ክሊት) የሚቆለፍ ፔዳል ናቸው። ክረምቱ ሳይገባ ተጀምሮ ክረምቱን ማለፍ አለበት፤ በበጋ ብቻ የተፈተነ ፔዳል ለዚህ አገር አልተፈተነም።

መመዘኛውን ከወዲሁ እንያዝ። ስለ ፔዳል ሲወራ ቶሎ የሚነሳው “ወደ ላይም ትስባለህ” የሚለው ነው። በእኩል ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ግን ተመላሹ እግር የሚስበው እምብዛም ነው፤ ሥራው የረጋጩ እግር ነው። መያዣ በእርግጥ የሚጠቅመው ከመቀመጫ ተነስቶ በጉልበት ሲገፋና ሥርና ድንጋይ ሲያናጥር እግሩ ከቦታው እንዳይነሳ ነው። በሌላ በኩል በዚህ መንገድ እግር በየደቂቃው መሬት ይፈልጋል። ሽሮ ሜዳ ላይ ሚኒባስ ድንገት ይቆማል፤ ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጠባቡን መንገድ ይይዛሉ፤ ጫካው ውስጥ የፊት ጎማ እርጥብ ሥር ላይ ያዳልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፔዳል የሚመዘነው እግር ከላዩ እንዴት እንደሚወርድና ጭቃ ይዞ እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ግንቦት 12፣ አሮጌውን ማውለቅ

የብረቱ ብስክሌት ላይ ያለው ፔዳል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከመፈታቱ በፊት የፔርኖው (ፔዳሉ የሚዞርበት፣ ጫፉ ብሎን የሆነ ዘንግ) ውፍረት ይለካል። ሁለት ልክ አለ፦ 9/16 ኢንች (14.3 ሚሊ ገደማ) እና 1/2 ኢንች (12.7 ሚሊ)። ትንሹ ከአንድ ብረት ታጥፎ በተሠራ ክራንክ (ፔዳል የሚታሰርበት ክንድ) ላይ፣ በልጆች ብስክሌት ላይ በብዛት ይገኛል። የእኛ ሁለቱም 9/16 ሆኑ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ሳይዙ ፔዳል ለመግዛት መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

የግራው ፔዳል ጥርስ (የፔርኖው የብሎን ጠመዝማዛ) ግልባጭ ነው። በጫና ውስጥ የሚዞር ፔርኖ በቀዳዳው ውስጥ ፔዳሉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ቀስ እያለ ይንከባለላል፤ ግራው እንደ ቀኙ ቢሠራ በመንገድ ላይ ራሱን ይፈታ ነበር። ግራ ቀኝ እያሉ ላለመምታታት አንድ ነገር ይበቃል፦ ቁልፉ ሽቅብ ሲቆም ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ መሳብ ሁለቱንም ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ መግፋት ሁለቱንም ያጠብቃል።

ስህተት 1፦ በእንግሊዝ መፍቻ ተጀመረ። በክራንኩና በፔዳሉ መሐል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ መፍቻው በግማሽ ብቻ ያዘ፤ ዘሎ የፔርኖውን ጠርዝ አዶለዶመው። የሚያስፈልገው 15 ቁልፍ ነው፣ ያውም ቀጭን። ተራ 15 ቁልፍ ተገዝቶ አፉ በሞርሳ ተይዞ በሁለቱም ጎን በሞረድ እስከ 6 ሚሊ ተሳሳ። አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ፔዳል ያገለገለው እሱ ነው።

ቀኙ በነጭ ጋዝ ሌሊቱን አድሮ፣ በማግስቱ ቁልፉ ላይ የ60 ሳንቲ የውሃ ቧንቧ ተሰክቶ ተፈታ። ከመጫን በፊት ሰንሰለቱ ከክራንኩ ጋር በሚዞረው ትልቁ ጥርሳም ክብ ላይ መሆን አለበት። ቁልፉ ድንገት ሲለቅ እጅ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ባዶ ጥርስ ጣት ይቆርጣል።

ግንቦት 17 – 27፣ የግራው ክራንክ

ግራው ሲወጣ ከፔርኖው ጋር የአልሙኒየም ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። ከዚህ በፊት የያዘው ሰው የቀኝ ፔዳል ግራ ላይ በጉልበት አስገብቶበታል። አዲስ ፔዳል ሲሞከር ሁለት ዙር ይዞ ይወላገዳል።

በመጀመሪያ የታሰበው ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ቡሽ (ቀለበት) ማስገባትና ቡሹ ውስጥ አዲስ ጥርስ ማውጣት ነበር። ሥራው ለቶርኖ ቤት ተሰጠ፣ 600 ብር። የግራ 9/16 ጥርስ ማውጫ ስላልተገኘ በቶርኖው ቢላ ተቆረጠ። ቡሹ ጥሩ ተቀመጠ። ፔዳሉ ሲገባ ግን አምስት ዙር ሄዶ ድርቅ አለ። ፔርኖው ዘይት ተቀብቶ ተሞከረ፣ አሁንም አምስት ዙር። ችግሩ የተገኘው በጥርስ መለኪያ ነው። የፔዳል ጥርስ በአንድ ኢንች 20 ነው፤ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ማለት ነው። ማሽኑ የተዘጋጀው በ1.25 ነበር። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዙሩ ይደመራል፣ በ9 ዙር ወደ 0.18 ሚሊ ይደርሳል። ጥርሱ ጥርስ ላይ ይወጣና ይቆልፋል። በጉልበት ቢገባ ኖሮ አዲሱም ፔርኖ ይበላ ነበር።

ለቶርኖ ባለሙያ ሥራ ሲሰጥ ናሙና ፔዳሉን ትቶ መሄድና “በኢንች 20፣ ግራ ዞር” ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። እኛ በቃል ብቻ ነው የነገርነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ድጋሚ ከማስቆረጥ ይልቅ ምናለሽ ተራ ያገለገለ የግራ ክራንክ ተፈለገ፤ በ450 ብር ተገኘ። ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። ርዝመቱ ከቀኙ ጋር አንድ ይሁን (ጀርባው ላይ 170 ተብሎ ተቀርጿል)፤ የመሐሉ ቀዳዳ አራት ማዕዘንና ጠርዙ ያልተበላ ይሁን፤ የፔዳሉ ጥርስ በጣት ሲዳሰስ እስከ መጨረሻው ስለታም ይሁን። አዲሱ ፔዳል ቁልፍ ሳይነካው በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። በትክክል የተያዘ ጥርስ እንዲህ ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ማጥበቂያ ብቻ ነው፣ 35 ኒውተን ሜትር ገደማ። በተለመደ የቁልፍ ርዝመት ይህ ማለት በአንድ እጅ ጠንከር ያለ ግፊት ነው።

ጥርሱ ላይ ግራሶ ይቀባል፣ ሁልጊዜ። ብረት አልሙኒየም ውስጥ ደረቅ ሆኖ ከቆየ በክረምት ይነካከስና የዛሬ ዓመት እንደገና ቧንቧ ያስፈልጋል።

ሰኔ 2፣ ቀፎና ቀበቶ

ከፔዳሉ ፊት የጫማውን ጫፍ የሚይዝ የብረት ቀፎ፣ በላዩ የቆዳ ቀበቶ። ቀፎው ከአሮጌ የከተማ ብስክሌት ወጣ። ቀበቶውን ፒያሳ ያለ ጫማ ሰፊ ከላም ቆዳ በሁለት ድርብ ሰፋው፣ ጥንዱ 250 ብር። ቀበቶው በፔዳሉ ሁለት ክንፎች መሐል ሲያልፍ አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ ማለፍ አለበት፤ ካልተጠመዘዘ ሲሳብ ይንሸራተትና ዘለበቱ ከጫማው ሥር ይገባል። ዘለበቱ በውጭ በኩል፣ ከፔዳሉ ክንፍ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እጅ በቀላሉ እንዲደርሰው።

አስፋልቱ ላይ ጥሩ ነው። ከማርያም በላይ ግን ሁለት ችግር ወዲያው ታየ። እግር የሚወጣው ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ነው፤ ሲወድቁ ሰውነት የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ሁለተኛ፣ እግሩ ከወጣ በኋላ ፔዳሉ በክብደቱ ይገለበጣል፤ ቀፎው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሥር ይነክሳል። አንዱ ቀፎ በመጀመሪያው ቁልቁለት ድንጋይ ነክቶ ተጣመመ። ለጫካ ከዚህ በኋላ አልተሞከረም። ቀበቶው ሳይጠብቅ ለከተማ ብቻ ይሆናል።

ሰኔ 8፣ ሰያፍ ቀበቶ

ሌላው ዓይነት ቀበቶ በፔዳሉ ላይ በሰያፍ የሚያልፍ ነው። በመጀመሪያ በከመነዳሪ ተሞከረ፤ 5 ሳንቲ ስፋት ተቆርጦ በብሎን ታሰረ። ጎማው ስለሚለጠጥ እግሩን አቀፈ እንጂ አልያዘም። በሦስተኛው ቀን ብሎኑ በገባበት ቀዳዳ ተተረተረ።

ከዚያ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ የደህንነት ቀበቶ ተገዛ፣ 300 ብር፤ ለሁለት ፔዳል ተርፎ ይቀራል። ስፋቱ 47 ሚሊ ነው፤ አይለጠጥም፤ ውሃ አይጎዳውም። ጫፉ በክብሪት ተለብልቦ ታሸገ (ካልታሸገ ክሩ ይፈታል)። ቀዳዳው በጋለ ምስማር ተበሳ፤ መሰርሰሪያ ክሩን ይበጥሳል። አንዱ ጫፍ በፊት ውጫዊ ማዕዘን፣ ሌላው በኋላ ውስጣዊ ማዕዘን፣ በ5 ሚሊ ብሎን፣ ከላይና ከታች ሰፊ ሮንዴላ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተረከዝ ወደ ውጭ ተከፍቶ እግሩ ሲገባ ቀበቶው ልል ነው። ተረከዙ ወደ ውስጥ ሲመለስ የጫማው ስፋት ከቀበቶው ጋር ይጣላና ይጠብቃል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር። ማዕዘኖቹ ቢገለበጡ ተቃራኒው ይሆናል፤ ለመግባት ተረከዙ ወደ ክራንኩ መግባት አለበት፣ እዚያ ደግሞ ቦታ የለም። በመጀመሪያው ገጠማ የግራው በስህተት ተገልብጦ ነበርና ግማሽ ቀን ተፈልጎ ነው የተገኘው። ግራውን ሲገጥሙ ቀኙን እንደ መስታወት ማየት ነው እንጂ መገልበጥ አይደለም።

በዋጋው ከዚህ የተሻለ የለም፣ በማንኛውም ጫማም ይሠራል። ድክመቱ ከቀፎው ጋር አንድ ነው፦ የፔዳሉ አንድ ፊት ብቻ ይጠቅማል፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲነሱ ትክክለኛውን ፊት በእግር መፈለግ አለ። ይህ በብረቱ ብስክሌት ላይ ለጊዜው ይቆያል።

ሰኔ 22፣ ጠፍጣፋ ፔዳል

በባለ 29ኙ ላይ። ገላው ናይሎን፣ 105 በ100 ሚሊ፣ በየፊቱ 10 የብረት ፒን። ናይሎን የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ ድንጋይ ሲነካ ይፋቃል እንጂ አይነክስም፤ ዋጋውም ከአልሙኒየሙ ይቀንሳል። ፒኖቹ ከታች የሚገቡ መሆናቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከላይ በአለን ቁልፍ የሚታሰር ፒን ድንጋይ ሲመታው ቀዳዳው ይደፈንና መውጫ ያጣል፤ ከታች የሚገባው ጫፉ ቢጠፋም ራሱ ደህና ነው።

በመጀመሪያው ቀን በተራ የስፖርት ጫማ። ሶሉ ደረቅ ፕላስቲክ፣ ሽንሽኑ ጥልቅ። እግሩ በየሥሩ ላይ ዘለለ። ስህተት 2፦ ጥፋቱ የፔዳሉ ነው ተብሎ ፒን ሊለወጥ ታስቦ ነበር። ጫማው ተገልብጦ ሲታይ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሶሉ ላይ ያለው ረጃጅም ጭረት ነበር፣ አንዳንዱ 3 ሳንቲ። የያዘ ፒን ክብ ነጥብ ይተዋል፤ የተንሸራተተ ፒን መስመር ይተዋል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሶል ይታያል። ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም።

መፍትሔው ሶል መለወጥ ሆነ። ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ ተወስዶ ጫማ ሰፊ ዘንድ 6 ሚሊ ለስላሳ ጎማ ተለጠፈበት። ጎማው የሚመረጠው በአውራ ጣት ጥፍር ነው፦ ሲጫን ጥፍሩ ምልክት ትቶ ምልክቱ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ይሆናል። ወዲያው የሚመለሰው ደረቅ ነው፤ ጭራሽ የማይጠፋው ደግሞ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የሸራው ሶል በብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ፣ ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ተቀብቶ፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን 15 ደቂቃ ቆይቶ፣ ተገጥሞ በመዶሻ ተመታ። ባለሙያው ለማፋጠን በ5 ደቂቃ ሊገጥመው ነበር፤ ቸኩሎ የተገጠመ ማስቲሽ መጀመሪያ ጭቃ ሲነካው ከጫፉ ይላቀቃል። ከነጎማው 400 ብር።

ለውጡ ከጠበቅነው በላይ ነው። ያው ፔዳል፣ ያው ፒን፣ ሶሉ ላይ አሁን ያለው ክብ ነጥብ ብቻ።

ሐምሌ 7፣ ፒን ማስተካከል

የመጣው ሁሉ ፒን እኩል 4 ሚሊ ከፍታ ነበረው። በመሐል፣ በፔርኖው መስመር ላይ ያሉት ወደ 2.5 ሚሊ ዝቅ ተደረጉ (ከሥር አንዳንድ ሮንዴላ በመጨመር)፤ የፊትና የኋላዎቹ በ4 ቀሩ። ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ መሐሉ ላይ ትንሽ ይሰምጣል፣ ጠርዞቹ ይይዙታል። ሁሉም እኩል ሲሆን እግሩ በመሐለኞቹ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል።

በቁልቁለት ተረከዝ ይወርዳል። ጣቶች ወደ ታች ካዘነበሉ በመጀመሪያው ሥር እግሩ ይነሳል፤ ተረከዝ ሲወርድ ግን ድንጋዩ የሚገፋው እግሩን ወደ ፔዳሉ ነው። እግሩ የሚቀመጠው የጣቶቹ ሥር ያለው እብጠት ከፔርኖው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ፣ እንዲያርፍ ነው።

አደጋው ቅልጥም ነው። የተንሸራተተ እግርን ፔዳሉ ዞሮ ይመታል፤ ፒኑ ቆዳ ይቀዳል። የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያ በቂ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይደረግ አይወጣ።

ሐምሌ 21፣ ተቆላፊው ፔዳል

የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስፒዲ የሚባል የተቆላፊ ፔዳል ዓይነት ክሊቱን በሁለት ብሎን ከጫማው ሶል ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ለዚህ ነው በእግር መሄድ የሚቻለው። የአስፋልት ጫማ ባለ ሦስት ብሎን ነው፣ ክሊቱ ከሶሉ ወደ ታች ይወጣል። ለእንጦጦ እንዳይገዛ። የተመረጠው ፒዲ ኤም 520 ነው፤ ሁለቱም ፊት ይቆልፋል፣ የሚፈታው በ15 ቁልፍ ነው (በሞረድ የሳሳችው ቁልፍ አገለገለች)። ከውጭ በሻንጣ መጣ። ከፔዳሉ ጋር የሚመጣው ክሊት ኤስኤች 51 ነው፤ ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ይለቃል። ለጀማሪ ኤስኤች 56 ይሻላል፤ ወደ ላይ አዘንብሎ ሲነቀልም ይለቃል። የብረቱ ብስክሌት ነጂ በ56 ጀመረ፣ ሌላው በ51።

ገጠማው እንዲህ ሄደ። የጫማው ሶል ጎማ የክሊቱን ጉድጓድ ጠርዝ ተሻምቶ ክሊቱ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር፤ በቢላ 3 ሚሊ ተላጠ። ባለ 5 ሚሊ ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው በ5 ኒውተን ሜትር ጠበቁ። ክሊቱ ከጣቶች ሥር እብጠት 5 ሚሊ ወደ ኋላ ተቀመጠ፤ ለቁልቁለት ይረዳል፣ ባትም ያሳርፋል። የፔዳሉ ሞላ በ3 ሚሊ አለን ቁልፍ ይስተካከላል። አራት ማስተካከያ አለ፣ በየፔዳሉ በሁለቱም ፊት። አራቱም እስከ መጨረሻው ተላልተው ከዚያ እኩል ሁለት ሁለት ጠቅታ ተጠበቁ። አንዱ ፊት ጠንክሮ ሌላው ላልቶ ከቀረ እግር የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ልምምዱ ጃን ሜዳ ሳሩ ላይ ተደረገ። በየእግሩ 50 ጊዜ መግባትና መውጣት፤ መጀመሪያ ግንብ ተይዞ፣ ከዚያ በዝግታ እየተነዳ። ብስክሌቱ ከመቆሙ በፊት እግር መውጣት አለበት። ቆሞ ለማውጣት መሞከር መውደቅ ነው።

ነሐሴ 8፣ ጭቃ

ክረምቱ በሙሉ ኃይሉ ነው። ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲቀላቀልበት እንደ ጭቃና ጭድ ይያያዛል። አንድ ጊዜ ወርዶ 20 ሜትር ከተገፋ በኋላ ክሊቱ ጉድጓድ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጭቃ ከብረቱ በላይ ያብጣል። ፔዳሉ ላይ ሲረገጥ ድምፁ “ቀጭ” አይልም፤ ይሰምጣል እንጂ አይቆልፍም። ተፈርቶ የነበረው አለመልቀቁ ነበር፤ በተግባር ያስቸገረው አለመያዙ ነው።

የተሞከረው፦ ሶሉን በፔዳሉ ፊት ጠርዝ ሁለት ጊዜ መምታት (ግማሹን ያራግፋል)፤ የተሰበረ የጎማ ሽቦ 12 ሳንቲ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታጥፎ ከፍሬሙ ጋር መታሰር (ሙሉ በሙሉ ያጠራል፣ ግን መቆም ይጠይቃል)፤ ጉድጓዱንና ሞላውን በዘይት መቀባት። ዘይት ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ አሸዋ ይሰበስባል፣ ሞላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ተትቷል። ከወረዱ በኋላ በጭቃው ሳይሆን በሳሩ ወይም በድንጋዩ ጠርዝ መራመድ ከሁሉም በላይ ረዳ።

ክራንክ ብራዘርስ ኤግቢተር የሚባለው ፔዳል አራት ፊት ያለው ክፍት ሽቦ ነው፤ ጭቃ የሚይዝበት ገላ ስለሌለው በዚህ ላይ ይበልጣል። ክሊቱ እንደ አገጣጠሙ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ይለቃል። ነገር ግን ክሊቱ ነሐስ ነው፣ ከኤስፒዲ ብረት ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ እዚህ ደግሞ ክሊት ከሱቅ አይገዛም፣ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። የምንመርጠው መለዋወጫውን ነው እንጂ ፔዳሉን ብቻ አይደለም።

በዚያው ሳምንት ጠፍጣፋው ፔዳል በፒኖቹ መሐል ጭቃ ሞልቶ ነበር፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ሲረገጥ ጭቃው በክፍት መሐሉ ወደ ታች ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ እግር የወረደውና የተመለሰው ያለ ምንም ማቆሚያ ነው።

ነሐሴ 19፣ አልለቅ ያለው ክሊት

ዋናው አደጋ ይህ ነው፣ በዝርዝር ይያዝ። በቀኝ ጫማ ካሉት ሁለት ብሎኖች አንዱ መንገድ ላይ ወደቀ። ክሊቱ በአንድ ብሎን ሲቀር ተረከዝ ሲዞር ክሊቱ አብሮ በብሎኑ ላይ ይዞራል፤ ሞላው የሚከፈተው ግን ክሊቱ በፔዳሉ ውስጥ ሲጠመዘዝ ነው። ስለዚህ ጫማው እስከ ፈለገው ድረስ ይዞራል፣ አይለቅም። ነጂው ዝግ ባለ መዞሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቆልፎ በቀኝ ጎኑ ወደቀ፤ ክርን ተላጠ፣ ሌላ ጉዳት የለም።

እንዲህ ሲሆን ጫማውን ፈትቶ እግርን ማውጣት እንጂ መታገል አይደለም። ከዚያ የሞላው ማስተካከያ እስከ መጨረሻ ተላልቶ፣ ጫማው በሁለት እጅ ወደ ኋላ ተገፍቶ በካቻቢቴ የኋላው መንጋጋ ተከፈተ።

ምክንያቱ ተፈለገ። ብሎኖቹ ሐምሌ ላይ በደንብ ጠብቀዋል። ነገር ግን አዲስ ክሊት በሶሉ ፕላስቲክ ላይ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ጥርሱን ያሰምጣል፤ ሲሰምጥ ብሎኑ ይላላል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ከሦስተኛውም በኋላ ድጋሚ ማጥበቅ ነበረበት፤ አልተደረገም። ይህ የእኛ ቸልታ ነው። አሁን በሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ታስረዋል፤ ማጣበቂያው ከተደረገ ግራሶ አይደረግም፣ ጥርሱም በነጭ ጋዝ ታጥቦ ደርቆ መሆን አለበት። ሁለት ትርፍ ብሎን ከአለን ቁልፍ ጋር በመቀመጫ ሥር ቦርሳ ገብቷል።

ጳጉሜ 3፣ ኩሽኔታ

የክረምቱ ውሃ ገብቶ የቀኙ ኤም 520 ሲዞር ይንጫጫል። የፔርኖው መቆለፊያ ፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ የራሱ መፍቻ ሳይኖር በፒንሳ ከተነካ ይበላል። መፍቻው ተለምኖ ተገኘ። ልብ በሉ፦ የቀኝ ፔዳል መቆለፊያ ግልባጭ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው በተለመደው ይፈታል። ከፔዳሉ ጥርስ ጋር ተቃራኒ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ሲወጣ ግራሶው ቡና አተላ መስሏል። ትንንሾቹ ብዮች በነጭ ጋዝ ታጠቡ፣ ተቆጠሩ፣ በጨርቅ ላይ ደረቁ። አዲስ የሊቲየም ግራሶ ተሞልቶ ብዮቹ በክብሪት እንጨት ተቀመጡ። ጫፉ ላይ ያለው ኮን (ብዮቹን የሚይዝ ዳዶ) በ10 ቁልፍ፣ መቆለፊያ ዳዶው በ7። ኮኑ ከጠበቀ ይሻክራል፣ ከላላ ይንቀጠቀጣል፤ በሦስተኛው ሙከራ ልክ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ አላልቶ መተው ነው፤ ዳዶው ሲቆለፍ ኮኑን ትንሽ ይጫነዋል።

ጠፍጣፋው ፔዳል በአንድ ጎን ቡሽ በሌላው የታሸገ ኩሽኔታ ነው ያለው። ክረምቱን ሙሉ ተነድቶ የሚሰማው 1 ሚሊ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ አልተከፈተም።

መስከረም 21፣ ጉልበት

በ51 ክሊት የሚነዳው የቀኝ ጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ያመዋል። ክሊቱ ተረከዙን ወደ ውስጥ ይዞት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እግሩ ሲንጠለጠል ወዴት እንደሚያይ ታይቶ ክሊቱ በዚያ አቅጣጫ 2 ዲግሪ ያህል ተመለሰ። በሁለት ጉዞ ሕመሙ ጠፋ። ክሊት ከመነካቱ በፊት ዙሪያው በእስክሪብቶ መሰመር አለበት፤ ካልተሰመረ ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

ጥቅምት 6፣ የተገጠመው

ባለ 29ኙ በጠፍጣፋው ቀረ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከማርያም በላይ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የሚሻል አላገኘንም። ቀበቶው ከብረቱ ብስክሌት ወረደ፤ በቦታው ኤስፒዲው በ56 ክሊት ገብቷል፣ ዳገቱን በአስፋልት ለሚያዘወትርና አፈሩ ሲደርቅ ለሚወጣ። የደህንነት ቀበቶው ያለበት ፔዳል አልተጣለም፤ በተራ ጫማ ለሚመጣ እንግዳ ተቀምጧል።

የ51ዱ ክሊት አንድ ጎኑ ሳስቷል፤ ሰው ሲመጣ የሚመጡት ሁለቱም ጥንዶች 56 ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ክሊት ብሎን ራስና በክሊቱ ላይ በቀይ ጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ብስክሌቱ ከበር ከመውጣቱ በፊት ጫማው ተገልብጦ ይታያል።